ነፋሱ ከኋላ ሲሆን

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

 

ዛሬ ከፈጅር በኋላ ሱረቱል ከህፍን እየቀራሁ መርከቧ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ነቢዩላህ ሙሳ (ዐ.ሰ) ከኸድር ጋር ጀልባ ይሳፈራሉ። ባለቤቶቿ ባሕር ላይ ሠርተው የሚያድሩ ሚስኪኖች ናቸው። ኸድር ጀልባዋን ሸነቆሯት። ሙሳ (ዐ.ሰ) ዝም ማለት አልቻሉም፤ ሰዎቹን ልታሰጥም ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ምክንያቱ የተገለጠው በኋላ ነው። ከወዲያ በኩል ደህና ጀልባ ሁሉ እየነጠቀ የሚወስድ ንጉሥ ነበር። ጀልባዋን ለባለቤቶቿ ያተረፈላቸው ጉድለቷ ነው።

ልጅ ሆኜ ከኡስታዛችን ስሰማው ትምህርቱ ስለ ቀደር ነበር፤ አሁንም እንደዚያው ነው። ነገር ግን ባለፈው ሐምሌ ከጓደኞቼ ጋር የሸራ ጀልባ መንዳት ስንማር አንድ ነገር ገጠመኝ፤ ከዚያ ወዲህ ይህን ቦታ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ተፍሲር እየሠራሁ አይደለም፤ ያ የዑለማዎች ሥራ ነው። የምነግራችሁ ጥፋቴን ነው። ታሪኩ ውስጥ ያለው ወንድሜ ጽሑፉን አስቀድሞ አንብቦታል፤ ስሙን እንዳልጠራ ብቻ ነው የጠየቀኝ።

አምስት ነን። በልጅነታችን አንድ መድረሳ የቀራን፣ ዛሬ በተለያየ አገር የምንኖር። ለዓመታት «አንድ ቀን አብረን እንጓዛለን» ስንል ኖረን በመጨረሻ ቱርክ ተገናኘን። ቦታው ጎጄክ ይባላል፤ በደቡብ ምዕራብ ቱርክ፣ ፈትሂዬ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ያለች ትንሽ የወደብ ከተማ ናት። ከፊት ለፊቷ ጥድ የለበሱ ደሴቶች ተበትነዋል፤ «አሥራ ሁለቱ ደሴቶች» ይሏቸዋል። 12 ሜትር ርዝመት ያላትን ጀልባ ከነአስተማሪዋ ለአንድ ሳምንት ተከራየን። ቀን እየተማርን ከደሴት ደሴት እንሄዳለን፤ ማታ አንድ ጥግ ላይ መልህቅ ጥለን እናድራለን። አስተማሪያችን ፀጉራቸው የሸበተ ቱርካዊ ናቸው። «ሆጃ» ብለን ነበር የምንጠራቸው፤ በእነሱ ቋንቋ መምህር ማለት ነው።

ጉዞው ገና ሳይጀመር ሆጃ አንድ ነገር ጠየቁን። «ዛሬ ካፒቴኑ ማን ነው?» እርስ በርስ ተያየን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሦስት ሰዎች ሆነው ጉዞ የወጡ አንዱን አሚር ያድርጉ ብለው ማስተማራቸውን ሁላችንም በቃል እናውቀዋለን፤ አቡ ዳውድ ዘግበውታል። ለምን እንደሆነ ግን እኔ የገባኝ ጀልባ ላይ ነው። ነፋስ ሲነሳ አምስት ሰው አምስት ሐሳብ ቢሰጥ ጀልባዋ ማንንም አትጠብቅም። ስለዚህ በየቀኑ አንድ አሚር፤ ዕጣ አወጣን። ሦስተኛው ቀን ለእኔ ደረሰ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውብ ነበሩ ወላሂ። ጠዋት ባሕሩ እንደ መስታወት ነው፤ ቀትር ካለፈ በኋላ ነፋሱ ይነሳል፤ ማታ ይተኛል። ቋጠሮ ማሰር ተማርን። መልህቅ መጣል ተማርን። መልህቅ የሚይዘው በክብደቱ ብቻ እንደሚመስለን ሆጃ ሲያውቁ ሳቁብን፤ ሰንሰለቱን የውሃውን ጥልቀት አራትና አምስት እጥፍ ትለቅቃላችሁ፣ ሰንሰለቱ መሬት ላይ ሲተኛ መልህቁ አግድም ይሳባል፣ አፈሩን ነክሶ የሚይዘው ያኔ ነው አሉን። አጭር ሰንሰለት ወደ ላይ ይነቅለዋል። ከዚያ የጀልባዋን ጀርባ በረጅም ገመድ ባሕር ዳር ካለ ዐለት ጋር ማሰር አለ። ይሄኛው ለሶላታችንም ጠቀመን። መልህቅ ብቻ ከሆነ ጀልባዋ በነፋስ ስትዞር ቂብላችሁም ይዞራል፤ ከሁለት ወገን ስትታሰር ግን ቀጥ ብላ ታድራለች። ከዚያ አካባቢ ቂብላ በኮምፓስ 145 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ደቡብ ምሥራቅ። መግሪብን ጀልባዋ የኋላ ወለል ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን ሰገድን።

አራታችን። አምስተኛው ወንድማችን የአፍንጫው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካ ነበር።

ስለ እሱ ልንገራችሁ። ከመካከላችን ቁርኣንን በተጅዊድ ያሳመረው እሱ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ መስጂድ ውስጥ አንድ ታላቅ ሰው በአለባበሱ ምክንያት ሰው ፊት ጮኸበት። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ዝም አልኩ። «ይለፍ፣ ትልቅ ሰው ነው» ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ከዚያ ወንድማችን መጀመሪያ መስጂዱን ተወ፤ ቀጥሎ ጀመዓውን፤ ቀጥሎ ሶላቱን። አንድ የገጠር ሰው መስጂድ ውስጥ ሽንቱን ሲሸና ሰሓቦች ሊነሱበት ሲሉ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንደከለከሏቸው፣ ቦታውን በውሃ አስጠርገው ሰውየውን በለዘበ ቃል እንዳስተማሩት የቀራን ሰዎች ነን እኮ። ቡኻሪም ሙስሊምም ዘግበውታል። መቅራትና በቦታው መገኘት ለየቅል ነው።

ለማንኛውም፣ ሦስተኛው ቀን መጣ። እኔ ካፒቴን ሆንኩ።

ከቀትር በኋላ ከደሴቶቹ ወጣ ብለን ወደ ሰፊው ባሕር ሄድንና ወደ ተርሳኔ ደሴት ለመመለስ ጀልባዋን አዞርን። ነፋሱ አሁን ከጀርባችን ሆነ። ባሕር ላይ ከዚህ የሚያስደስት ነገር የለም። ሸራው ወጥሮ ሞልቷል፣ ጀልባዋ ትንሸራተታለች፣ ፀሐዩ ይሞቃል፣ ጫጫታ የለም። ከሁላችን ትንሹ ወለሉ ላይ ጋደም ብሎ ነሺዳ ያንጎራጉራል። መሪውን የያዘው ያ ወንድማችን ነበር፤ እጁም ጥሩ ነበር።

በዚህ መካከል መሪውን እንደያዘ ወደ ኋላ ዞር ብሎ ባሕሩን አየና «ወንድሜ፣ ኋላ ነጭ አረፋው በዝቷል። ሸራውን ብናሳንሰው አይሻልም?» አለኝ።

ሸራ ማሳነስ ማለት ትልቁን ሸራ ወደ ታች አውርዶ የተወሰነውን አጥፎ ማሰር ነው። ጀልባዋ ፍጥነት ትቀንሳለች፤ ከሩቅ ለሚያይ ፈሪ ትመስላለች። ከፊታችን ደግሞ ሌላ ጀልባ ሙሉ ሸራ ዘርግታ ትሄድ ነበር፤ እየደረስንባት ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ልቀድማት ፈልጌ ነበር። ሆጃ ጥግ ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው ያዩኛል። የመጀመሪያው ቀን «ሸራውን ላሳንስ ይሆን የሚል ሐሳብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣባችሁ፣ ሰዓቱ ያ ነው» ብለውን ነበር። ሐሳቡ መጥቶልኛል፤ ያመጣው ግን እሱ ነው። በሆዴ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? «አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ» አልኩ። በአፌ ደግሞ «አይ፣ ነፋሱ እኮ ምንም አይደለም። ይሰማሃል?» አልኩት።

እውነትም አይሰማም ነበር። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። 18 ኖት የሚነፍስ ነፋስ ከጀርባችሁ ሲመጣ እናንተም በዚያው አቅጣጫ 6 ኖት ከሄዳችሁ፣ ሰውነታችሁ ላይ የሚሰማችሁ 12ቱ ብቻ ነው። ኖት ማለት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነፋሱ ሳይቀንስ ይቀንስባችኋል። እየበረታ ሲሄድም አታውቁም፤ ፍጥነቱ ስለጨመረ ደስ ይላችኋል እንጂ። ደግሞ የነፋስ ጉልበት እንደ ፍጥነቱ እኩል አይጨምርም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ሸራው ላይ የሚያሳርፈው ግፊት አራት እጥፍ ነው። ፊታችሁን ወደ ነፋሱ ያዞራችሁ ቀን ነው የሚታወቃችሁ።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ዩኑስ 22ኛው አያ ላይ የገለጻቸውን ሰዎች አስታወሳችሁ? በመልካም ነፋስ የሚሄዱ መርከበኞች ናቸው፤ በነፋሱም ተደስተዋል። ከዚያ ኃይለኛው ነፋስ ይመጣል፣ ማዕበሉ ከየአቅጣጫው ይከባቸዋል፣ ያኔ አላህን በንጹሕ ልብ ይለምኑታል። ይህን አያ ስንሰማ አብዛኞቻችን የሚታየን ማዕበሉ ነው። ካፒቴን በሆንኩበት ቀን ግን ለእኔ ያስፈራኝ ከማዕበሉ በፊት ያለው ነው፤ የደስታው ሰዓት። አደጋው አብሮን እየሄደ ነው፤ የሚሰማን ምቾት ብቻ ነው። ሥራችሁ ሲሳካ፣ ፎሎወር ሲበዛ፣ ሰው ሁሉ «ማሻአላህ» ሲላችሁ፣ ዲናችሁ ውስጥ ሳይቀር ሰው «ኡስታዝ» ሲላችሁ ነፋሱ ከኋላ ነው። በዚያ ሰዓት «ቀስ በል» የሚላችሁ ሰው ሲመጣ የምትመልሱት እኔ የመለስኩትን ነው፤ «ይሰማሃል እንዴ?»

ከዚያ ብዙ አልቆየም። አንድ ሞገድ ከኋላ ጀልባዋን ገፋት፣ አፍንጫዋ ትንሽ ዞረ፣ ነፋሱ ከሸራው ሌላኛው ወገን ገባ። ቡም የሚሉት፣ ከምሰሶው ሥር አግድም ተዘርግቶ ሸራውን የሚይዘው ከባድ ብረት፣ ከግራ ወደ ቀኝ እንደ በር ተወረወረ። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ትንሹ ወንድማችን ልክ ቀና ሲል ነበር። ብረቱ በራሱ ላይ አለፈ፤ ራሱን አልነካውም፣ ኮፊያውን ይዞ ሄደ። አልሐምዱሊላህ። በመካከላቸው ስንት ጣት እንደነበር አላህ ነው የሚያውቀው።

እኔ ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? መሪውን ወደያዘው ዞሬ ጮህኩበት። «ምን ነካህ? ቀጥ አድርገህ መያዝ አቃተህ?» ሌላም ቃል ጨመርኩ፤ እዚህ አልጽፈውም። እሱ አንድ ቃል አልመለሰም። ፊቱን አየሁት፤ ያንን ፊት ከሁለት ዓመት በፊት መስጂዱ ውስጥ አይቼው ነበር።

ሆጃ ተነስተው መሪውን ያዙ፤ በተረጋጋ ድምፅ «ኮፊያው የት አለ?» አሉ።

ማንም አላወቀም። ሁላችንም ስንጯጯህ ነበር። ጀልባዋ በ6 ኖት ስትሄድ በአንድ ደቂቃ 185 ሜትር ያህል ትርቃለች። ዞረን ፈለግነው፤ ሰማያዊ ባሕር፣ ነጭ አረፋ፣ የእኛ ነጭ ኮፊያ የለም። ሆጃ ትንሹን ወንድማችንን ጠቆሙና «ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ከሩቅ የሚታየው ይህችን ታህል ራሱ ብቻ ነው» አሉን። ከዚህ በላይ አልተቆጡም። ባይሆን ቢቆጡን ይሻል ነበር።

ማታ ተርሳኔ ደሴት ጥግ አደርን። ፍርስራሽ የሞላባት፣ ጸጥ ያለች ቦታ ናት፤ በድሮ ጊዜ መርከብ ይጠገንባት ነበርና ስሟም ከዚያ የመጣ ነው። እራት ላይ ማንም አላወራም። ሆጃ ሻያቸውን እያማሰሉ ጠየቁኝ፤ «ካፒቴን፣ ነፋስ ከኋላ ሲሆን ቡሙ እንዳይወረወር ወደ ፊት ወጥሮ የሚይዘው ገመድ አለ። ትናንት አስተምሬያችኋለሁ። ዛሬ ያንን ገመድ ማሰር የማን ሥራ ነበር?»

የእኔ ነበር። ገመዱ እግሬ ሥር ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር።

ግመሌን ልሰርና በአላህ ልመካ ወይስ ልልቀቃትና ልመካ ብሎ የጠየቀውን ሰው ታውቁታላችሁ፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እሰራትና ተመካ አሉት፤ ቲርሚዚ ዘግበውታል። ስንት ጊዜ ለሌላ ሰው ነግሬዋለሁ መሰላችሁ። እኔ ግን ገመዴን አላሰርኩም፤ ሳላስር ስቀር ደግሞ ጥፋቱን መሪ በያዘው ላይ አሰርኩት። አሚርነት ማለት ለካ ይሄ ነው። ትእዛዝ መስጠቱን ማንም ይችለዋል። ነገር ሲበላሽ «የእኔ ነው» ብሎ መሸከሙ ላይ ነው ሰው የሚለየው። ሁላችን እረኞች እንደሆንን፣ ስለምንጠብቃቸውም እንደምንጠየቅ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የነገሩን በዋዛ አይደለም።

ከተኙ በኋላ ለብቻው ጠርቼ ይቅርታ ልጠይቀው አሰብኩ። ነፍሲያዬ ይህን መንገድ በጣም ወደደችው። ነገር ግን የጮህኩበት ሰው ፊት ነው። በጓዳ ብጠይቀው ዕዳዬን ግማሹን ብቻ መክፈል ይሆናል። ስለዚህ እዚያው ማዕድ ላይ፣ ሆጃም ባሉበት፣ «ሸራውን እናሳንስ ብለኸኝ ነበር፤ ልክ ነበርክ። እምቢ ያልኩት በኩራት ነው። ገመዱንም ያላሰርኩት እኔ ነኝ። ጩኸቴ በደል ነበር። ዓፉ በለኝ» አልኩት። ከዚያ ሌላውንም ጨመርኩ። «መስጂድ ውስጥ የጮኸብህ ቀንም አጠገብህ ነበርኩ። ዝም ማለቴንም ዓፉ በለኝ።»

ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «የመጀመሪያውን ዓፉ ብያለሁ» አለ። ሁለተኛውን አልመለሰልኝም። ተነስቶ ዕቃ ማጠብ ጀመረ።

ሱረቱል ከህፍ ላይ ዛሬ ያቆመኝ ይሄ ነው። ኸድር ያንን ጀልባ ያተረፏት በመልኳ ላይ ጉድለት አድርገው ነው። ለእኔ ደግሞ ሸራዬን ማሳነስ፣ «ልክ ነህ» ማለት፣ ይቅርታ መጠየቅ ጉድለት ሆኖ ታየኝ። ሰው ፊት የምቀንስ መሰለኝ። ሙሉ ሸራዬን ዘርግቼ ስሄድ ግን የወንድሜን ራስ ልወስድ ነበር። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ አንዳንዱ መቀነስ መትረፊያ ነው፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ ግን ሸራውን ማሳነስም አይቻልም። ነፋሱ ከበረታ ወዲህ ሸራ ለማውረድ መሞከር ራሱ ሰው ይጎዳል። ገና እየቀለለን ሳለ ነው።

በማግስቱ ሆጃ ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ አስጠኑን። ሰው ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ምን ይደረጋል? ወዲያው ይጮሃል፤ ተንሳፋፊ ነገር ይወረወርለታል፤ ጀልባዋ ትዞራለች። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ሰው ይመረጣል። ይህ ሰው ገመድ አይነካም፣ መሪ አይዝም፣ ምክር አይሰጥም። ሥራው እጁን ዘርግቶ የወደቀውን በጣቱ ማመልከት ነው፤ ዓይኑን ለቅጽበት ከእሱ አይነቅልም። ጀልባዋ ስትዞር ጣቱም አብሮ ይዞራል። መሪ የያዘው የሚመለከተው ጣቱን ነው። ዓይን አንዴ ከተነቀለ ያንን ራስ በሞገድ መካከል እንደገና ማግኘት ከባድ ነው።

ለልምምዱ ፕላስቲክ ተንሳፋፊ እንወረውር ነበር። ሆጃ አመልካች አድርገው የመረጡት ማንን እንደሆነ ገምታችኋል። ያ ወንድማችን የጀልባዋን ሽቦ በአንድ እጁ ይዞ ሌላውን ዘረጋ። ውሃ ፊቱ ላይ ይረጫል፣ እሱ ዓይኑን አይጨፍንም። ስድስት ጊዜ ወረወርን፤ ስድስቱንም አገኘን።

እኔ ዊንች እየጠመዘዝኩ አየዋለሁ፤ አንድ ሐሳብ ልቤን ያዘው። እሱ ከእኛ መካከል ሲወድቅ ጣቱን የዘረጋለት ማን ነበር? ሁላችንም ሥራ ላይ ነበርን። አንዱ ዳዕዋ ያደራጃል፣ አንዱ ገጽ ያዘጋጃል (እኔ)፣ አንዱ ለመስጂድ ማሠሪያ ይሰበስባል። መርከቧን በደንብ እየነዳን ነበር። ወንድማችን ግን በየደቂቃው 185 ሜትር ይርቅ ነበር።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በመርከብ የመሰሉትን ሐዲሥ አስቡት፤ ቡኻሪ ከኑዕማን ኢብኑ በሺር (ረ.ዐ) የዘገቡትን። ከታች ያሉት ውሃ ለመቅዳት ከላይ ያሉትን ላለማስቸገር ከራሳቸው ክፍል ሊሸነቁሩ ያስባሉ። ከተተዉ ሁሉም ይሰምጣሉ፤ እጃቸውን ከያዟቸው ሁሉም ይድናሉ። እጅ መያዝ ማለት እዚህ ላይ መከልከል እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም የሰውን እጅ ለመያዝ መቅረብ ያስፈልጋል። ከሩቅ ሆኖ መጮህ ይቻላል፤ ከሩቅ ሆኖ እጅ መያዝ ግን አይቻልም።

እኛ የሐበሻ ሙስሊሞች ደግሞ ስለ ጀልባ ስናስብ ልናስታውሳቸው የሚገቡ ሰዎች አሉ። ከመካ ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ ሐበሻ የመጡትን አታንሱ ማለቴ አይደለም፤ እነሱንማ እናነሳለን። እኔ የማነሳው ብዙ የማይወራላቸውን፣ አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪንና (ረ.ዐ) ሰዎቻቸውን ነው። ከየመን ከ50 በላይ ሆነው ተነሱ፤ የሚሄዱት መዲና፣ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነበር። ጀልባቸው ግን ሐበሻ ጣለቻቸው። ነፋሱ ከኋላቸው አልነበረም። ተሳሳትን፣ ቀረን፣ አለቀልን ሊሉ ይችሉ ነበር። እዚያ ጃዕፈርን (ረ.ዐ) አገኙ፤ ጃዕፈርም አብራችሁን ቆዩ አሏቸው፤ ቆዩ። በኋላ ሁሉም አንድ ላይ መጥተው ኸይበር በተከፈተችበት ወቅት፣ በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ደረሱ፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ለእነዚህ የመርከብ ሰዎች በዘመቻው ሳይኖሩ ድርሻ ሰጧቸው። የመርከብ ሰዎች ሁለት ሂጅራ አላቸው ተባለላቸው። ነፋስ ወዳላሰባችሁበት የወሰዳችሁ፣ ሶላት የተዋችሁ፣ ከጀመዓ የራቃችሁ፣ ይህን በድብቅ የምታነቡ ወንድሞችና እህቶች ካላችሁ፣ ይህ አንቀጽ ለእናንተ ነው። ዘግይተው የደረሱት ሰዎች ከድርሻ አልተከለከሉም።

ጁመዓ ቀን ረፋድ ላይ ጎጄክ ተመለስን። መንገደኛ ላይ ጁመዓ ግዴታ ባይሆንም አዛኑን ከወደቡ እየሰማን መቅረት ከበደን። ተጣጠብን። ያ ወንድማችን «ጀልባዋን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል» አለ። አያስፈልግም ነበር፤ ሆጃም ያውቃሉ፣ እሱም ያውቃል። ማናችንም አልገፋነውም። ሄድን፣ ሰግደን ተመለስን።

ስንመለስ የሶላት ምንጣፎቻችንን በሙሉ፣ ሳምንቱን በጨው ውሃ ሲርሱ የከረሙትን፣ በንጹሕ ውሃ አጥቦ በጀልባዋ ሽቦ ላይ ደርድሮ አስጥቷቸዋል። አምስቱንም። አራት አልነበሩም እንዴ ብዬ ልጠይቅ ነበር፤ አፌን ያዝኩ። አምስተኛውን ከሻንጣው ውስጥ ያወጣው መሆን አለበት።

ከተመለስን ወዲህ ሐሙስ ማታ ወይም ጁመዓ እደውልለታለሁ። ስለ ሶላት አልጠይቀውም፤ ስለ ሥራው፣ ስለ እናቱ ጤና እናወራለን፤ እሱ ሲፈልግ ሌላውን ያነሳል። አንዳንዴ ያነሳል፣ አንዳንዴ አያነሳም። ባለፈው ጁመዓ ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ተዘጋ። ማክሰኞ ይህን ጽሑፍ ላክሁለት። ሌሊት መልስ መጣ፤ «ይሁን። ስሜን ብቻ አትጥራ። ኮፊያው ግን የገባው በቀኝ በኩል ነበር፤ እኔ አይቼው ነበር፤ ስትጮህብኝ ነው ዓይኔን የነቀልኩት።»

ዛሬ ለነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰለዋት አብዙ። ከዙህር በኋላ ያለችው ሰዓቴ የእሱ ናት፤ እየደወልኩ ነው። እናንተም ስልካችሁ ውስጥ ስሙ ወደ ታች የወረደ ሰው አለ። ፈልጉትና ደውሉለት።